ምዕራፍ 8፦ ውሃው የሮቶው ነው

በምዕራፍ 6 የሠራናት አምፕሊፋየር ጥሩ ልጅ ናት። ቲዲኤ 2030 የተባለች ባለ አምስት እግር አይሲ፣ አንድ ባለ 12-0-12 ትራንስፎርመር፣ አራት ዳዮድ፣ ሁለት ወፋፍራም ካፓሲተርና የእንጨት ሳጥን፤ በቃ ይኸው ነው። ከስልክ የምትወጣውን ቀጭን ድምፅ ተቀብላ ሳሎኑን ትሞላለች። ችግሩ ቆይቶ ይመጣል። ልደት ይደርሳል፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ እንግዳው ይሰበሰባል፤ ሳሎን ውስጥ መስኮት ታንቀጠቅጥ የነበረችው ዕቃ ደጅ ስትወጣ ትንኝ ትሆናለች። ቮሊዩሙ እስከ ጥግ ይዞራል፤ ድምፁ ግን ከመጨመር ይልቅ ይሻክራል። በማግስቱ ሠሪው ካውያውን አንሥቶ ያችኑ የተለመደች ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ዋቷን ለመጨመር የትኛዋን ሬዚስተር ልቀይር?»

መልሱ «የትኛዋንም» ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው ሮቶ እንጀምር።

ቧንቧ ውሃ አይሠራም

ሮቶ ያለበት ግቢ የኖረ ሰው ሳይማር የሚያውቀው ነገር አለ። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ የቧንቧው አይደለም። ቧንቧው ከላይ ያለውን ውሃ ይለቃል፣ ይይዛል፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ የለውም። ሮቶው ባዶ ከሆነ የወርቅ ቧንቧ ብትገጥሙም ጠብ አይልም። ሮቶው መሬት ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ብትከፍቱትም ሻወሩ ያንጠባጥባል እንጂ አይወርድም።

ትራንዚስተር ቧንቧ ነው። በምዕራፍ 4 በአንዷ እግሩ የምትገባ ጥቂት ከረንት በሌሎቹ ሁለት እግሮች መካከል የሚያልፈውን ብዙ ከረንት እንደምታዝ አይተናል። አይሲዋም እንዲህ ያሉ ትራንዚስተሮች በአንድ ቁራጭ ሲሊከን ላይ የተሰበሰቡባት ናት። ከስልኩ የመጣው ሙዚቃ የቧንቧውን እጀታ በሰከንድ መቶና ሺህ ጊዜ ከፈት ዘጋ የሚያደርግ እጅ ነው። ስፒከሩን የሚገፋው ጉልበት ግን ከስልኩ አልመጣም፤ ከአይሲዋም አልመጣም። ከግድግዳው ሶኬት ተነሥቶ፣ በትራንስፎርመሩ አልፎ፣ ካፓሲተሮቹ ውስጥ የተጠራቀመ ነው። «ድምፅ ማጉያ» የሚለው ስያሜ ራሱ ያሳስታል፤ ትንሹን ድምፅ ወስዶ የሚያፋፋው ያስመስላል። ትንሹ ድምፅ ትእዛዝ ብቻ ነው። ትልቁ ከሌላ ቋት የተቀዳ ነው።

አሁን ወደ ሬዚስተሯ እንመለስ። አይሲዋ አጠገብ ባለ 22 ኪሎ ኦምና ባለ 680 ኦም ሬዚስተሮች ገጥመን ነበር። የሁለቱ ጥምርታ የገባው ቮልቴጅ ስንት ጊዜ ይባዛ የሚለውን ይወስናል፤ የእኛ 33 ጊዜ ያህል ነው። አምፕሊፋየሯ ቢበዛ ወደ 13 ቮልት ጫፍ ማውጣት ትችላለች (ከየት እንደመጣ ወዲያው እናየዋለን)። 13 ለ33 ሲካፈል 0.4 ቮልት ነው። ብዙ ስልኮች በጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳቸው ይህን ያህል አያጡም። እንግዲህ አምፕሊፋየሯ ከመጀመሪያውም ጫፍ ላይ ነበረች። ሬዚስተሯን ቀይረን 33ቱን 66 ብናደርገው ቮሊዩሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጫፍ እንነካለን፤ ከጫፉ በላይ ግን አንዲት ዋት አትጨመርም።

ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ውስጥ ጭፈራ ደርቶ አይታችሁ ከሆነ ነገሩ ይገባችኋል። ረጅሙ ልጅ ሲዘል ራሱ ጣሪያ ይነካል። ከበሮውን አጋግሎ የበለጠ እንዲዘል ማድረግ ጣሪያውን አያነሣውም፤ ልጁን ያስመታዋል እንጂ። የድምፁም ሞገድ እንዲሁ አናቱ ጣሪያ ነክቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆረጣል። ባለሙያዎቹ ክሊፒንግ ይሉታል፤ በድንኳኑ ውስጥ የሰማነው ሻካራ ድምፅ እሱ ነው። ጉዳቱ ለጆሮ ብቻ አይደለም። የተቆረጠ ሞገድ መጀመሪያ ያልነበረ ቀጫጭን ድምፅ ይወልዳል፤ ያ ሁሉ የሚሄደው ወደ ቱዊተሯ፣ ወደ ትንሿ ስፒከር ነው። ሽቦዋ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነውና ትቃጠላለች። አነስተኛ አምፕሊፋየር ትልቅ ስፒከር የሚያቃጥልበት ምስጢር ይኸው ነው።

ሮቶውን ከፍ ማድረግ

ጣሪያውን የሚያነሣው ቮልቴጅ ነው። ቮልቴጅ ግፊት ነው ብለን ነበር፤ የሮቶው ከፍታ ማለት ነው። ሒሳቡን በእኛዋ ዕቃ ላይ እንሥራው።

የትራንስፎርመሩ 12 ቮልት በዳዮድ ተስተካክሎ ካፓሲተር ሲሞላ፣ በምዕራፍ 5 እንዳየነው፣ በ1.41 ይባዛል፤ 17 ይሆናል። ዳዮዱ 1 ያህል ይወስዳል፤ 16 ይቀራል። ይህም ከዜሮው መስመር ወደ ላይ 16፣ ወደ ታች 16 ነው። አይሲዋ ደግሞ እንደ ደላላ የራሷን ትቆርጣለች፤ 3 ቮልት ገደማ። ለስፒከሩ የሚደርሰው ጫፍ 13 ቮልት ነው። ዋቱን ለማግኘት ይህን በራሱ አባዙትና ለስፒከሩ ኦም እጥፍ አካፍሉት። 13 በ13 ሲባዛ 169፤ ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ ለ16 ሲካፈል 10.6 ዋት። የልደቱ ዕቃ ይህች ነበረች።

አሁን ትራንስፎርመሩን በ24-0-24 እንቀይረው። 24 በ1.41 ሲባዛ 34፤ ከዳዮዱ በኋላ 33፤ ከደላላው በኋላ 30። 30 በ30 ሲባዛ 900፤ ለ16 ሲካፈል 56 ዋት። ቮልቴጁ በእጥፍና በጥቂት ጨመረ፤ ዋቱ ግን ከአምስት እጥፍ አለፈ። ለምን? ሮቶው ከፍ ሲል ሁለት ነገር አብሮ ይጨምራል። ውሃው የሚወርድበት ግፊት ያይላል፤ በዚያው ቱቦ የሚያልፈውም ውሃ ይበዛል። ኃይል የግፊትና የፍሰት ብዜት ስለሆነ ግፊቱን እጥፍ ስታደርጉ ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህችን ያዙ።

በነገራችን ላይ ይህ ስሌት የገበያ ካርቶን ለማንበብም ይረዳል። የመኪና ሬዲዮ ፊት ላይ «4 በ50 ዋት» ተጽፎ ታያላችሁ። ሞተሩ ሲሠራ የመኪና ባትሪ 14.4 ቮልት ገደማ ነው። ይህን በ4 ኦም ስፒከር ላይ ሙሉ በሙሉ ብትጠቀሙበት እንኳ ንጹሕ ድምፅ 26 ዋት ብቻ ያወጣል። 50 የሚመጣው ሞገዱ ተቆራርጦ ሳጥን እስኪመስል ሲለካ ነው። በእውነት ትልልቅ የሆኑት የመኪና አምፕሊፋየሮች ከባትሪው የመጣውን ቮልቴጅ መጀመሪያ ከፍ የሚያደርግ ክፍል በሆዳቸው አላቸው፤ ሮቶ ሰቃይ ይዘው ነው የሚዞሩት። ካርቶኑ «1000 ዋት» ብሎ ከኋላ የተገጠመው ፊውዝ 10 አምፔር ከሆነ 10ን በ14.4 አባዙ፤ 144 ነው። ከ144 ዋት ውስጥ 1000 ዋት የሚያወጣ ዕቃ እስካሁን አልተሠራም።

ሮቶ መስቀል ግን ምሰሶውን ማየት ይፈልጋል። የመጀመሪያዋን ቲዲኤ 2030 የገደልኳት እኔው ነኝ። ባለ 18-0-18 ትራንስፎርመር በቅናሽ አገኘሁ፤ ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ፤ ቀይሬ ሰካሁ። ታክ! አለች። ከዚያ ያ የሚያፍን ሽታ፣ ከዚያ ከጥቁሩ ፊቷ ላይ እንደ ሩዝ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ተፈናጥራ ጠረጴዛው ላይ። 18 በ1.41 ሲባዛ 25 ነው፤ ቲዲኤ 2030 የምትችለው በየወገኑ 18 ብቻ። ማባዛት ሰንፌ ነው አንዲት አይሲ የከሰርኩት።

ስለዚህ ከ24-0-24 ጋር የሚሄደው ሌላ አይሲ ነው። ኤልኤም 3886 በየወገኑ 42 ቮልት ድረስ ይሸከማል፤ ውስጡም ሙቀትና ከረንት ሲበዛበት ራሱን የሚገታበት መከላከያ አለው። ካፓሲተሮቹንም አትርሱ። በ16 ቮልት ላይ በሰላም የኖሩት ባለ 25 ቮልቶቹ በ33 ላይ ይፈነዳሉ። ባለ 50 ቮልት ግዙ፤ መብራቱ ከ220 ከፍ የሚልበትም ሰዓት አለ።

ምጣድ ሲሰካ

ምሽት ላይ እናት የኤሌክትሪክ ምጣዱን ስትሰካ የሳሎኑ አምፖል ፈዘዝ ይላል። ከመስመሩ ብዙ ሲቀዳ ቮልቴጁ ይወርዳል። በአምፕሊፋየራችሁም ውስጥ ቤዙ ዱም ባለ ቁጥር ያው ነገር ይሆናል፤ ትራንስፎርመሩ ደካማ ከሆነ በወረቀት ያሰላነው 33 ቮልት ልክ በሚያስፈልግበት ቅጽበት 27 ይሆናል። 56 ዋት ያልነው በተግባር ወደ 36 ሲወርድ አይግረማችሁ።

እዚህ ላይ ከፍታ ሳይሆን የቱቦው ውፍረት ነው ጉዳዩ። የትራንስፎርመሩ አምፔር ማለት ነው። 24-0-24 ሆኖ 3 አምፔር የሚሰጥ ለአንድ ቻናል ይበቃል። መርካቶ ስትገዙ የተለጠፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ በእጃችሁ መዝኑት። ብረትና መዳብ ይከብዳሉ፤ «5 አምፔር» ተብሎ እንደ ሻይ ብርጭቆ የቀለለ ትራንስፎርመር ውሸታም ነው። ከተበላሸ ስታብላይዘር የወጣውን ደግሞ በነጻ ቢሰጧችሁም አትንኩ። አብዛኛው መግቢያውና መውጫው በአንድ ሽቦ የተገናኘ ነው፤ 220ው ሳይለያይ እስከ ስፒከሩ ጫፍ፣ እስከ ስልካችሁ ገመድ ይደርሳል። ሰው ይገድላል።

ካፓሲተሩ በትራንስፎርመሩና በአይሲዋ መካከል የቆመ በርሜል ነው። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ በርሜሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይሞላል፤ በሁለት ሙሌት መካከል ያለውን ክፍተት ብቻውን ይችላል። 1 አምፔር ያለማቋረጥ ቢቀዳ ባለ 2200 ማይክሮ ፋራድ በርሜል በእያንዳንዱ ክፍተት ወደ 4 ቮልት ይጎድላል፤ ባለ 10,000ው ግን 1 ቮልት እንኳ አይሞላም። ከዚያ በላይ ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ በርሜል ቢበዛ የቀጠነ ቱቦ አይወፍርም።

አንድ ካውያ በጣት ጥፍር ላይ

ዋት ሲጨምሩ ሁሉም የሚረሳው ይህን ነው። ቧንቧው ግማሽ ሲከፈት ውሃው ይፋጫል፤ በትራንዚስተር ውስጥ ፍጭቱ ሙቀት ነው። በ16 ቮልትና በ8 ኦም ስፒከር አይሲዋ ክፉ ሲገጥማት ወደ 6.5 ዋት ሙቀት ታወጣለች። በ33 ቮልት ወደ 28። ስፒከሩን በ4 ኦም ከቀየራችሁት 55።

28 ዋት ምን ያህል ነው? ካውያችሁን ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ 30 ወይም 40 ዋት ናቸው። እርሳስ የሚያቀልጠውን ያንን ሙቀት ጥፍር ከምታህል ሲሊከን ላይ ማስወጣት አለባችሁ። ምዕራፍ 6 ላይ የገጠምናት የአሉሚኒየም ቁራጭ ለዚህ ቀልድ ናት። ባለ ክንፍ ትልቅ ሂት ሲንክ፣ በመካከሉ ነጩ ቅባት፣ ክንፎቹም ወደ ላይ ቀጥ ብለው አየር እንዲያልፍባቸው። በብረት ጀርባ የሚመጣው አይሲ ደግሞ ጀርባው ከኔጌቲቩ መስመር ጋር የተገናኘ ስለሆነ የማይካ ወረቀቷን ሳታስገቡ በቀጥታ ከብረት ሳጥን ጋር አትሰሩት።

የሚገርመው፣ አይሲዋ ይበልጥ የምትግለው ቮሊዩሙ ጥግ ሲደርስ አይደለም፤ ከጣሪያው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ቧንቧ አያፋጭም፤ ግማሹ ነው የሚያፋጨው። ስለዚህ «ጥግ አላደርሳትም» ማለት አያድናትም።

አይሲ ትተው በትራንዚስተር የሚሠሩት ሰዎች ሙቀቱን ለማካፈል ሁለት ሦስት ትራንዚስተር ጎን ለጎን ያሰልፋሉ። ጥማድ በሬ እንደማለት ነው፤ ግን እነዚህ በሬዎች ጠባያቸው ክፉ ነው። ትራንዚስተር ሲሞቅ የበለጠ ይስባል፤ የበለጠ ሲስብ የበለጠ ይሞቃል። አንዱ በጥቂት ከቀደመ ሸክሙን ሁሉ ወስዶ ይሞታል፤ ከዚያ ጓደኛው ይከተለዋል። እንደ ቀንበር ሆነው ሚዛን የሚያስይዟቸው በየእግራቸው የሚገቡት ባለ 0.22 ወይም 0.33 ኦም ነጫጭ ሬዚስተሮች ናቸው። አንዱ ሲፈጥን የራሱ ሬዚስተር ይገታዋል። ገበያ ላይ ሲ 5200 እና ኤ 1943 የሚባሉት ጥንዶች ለዚህ የታወቁ ናቸው፤ በዚያው ልክ አስመስሎ የተሠራባቸውም ብዙ ነው። ዋጋው ካስገረማችሁ ጠርጥሩ።

ሁለት ሰው የሚስበው መጋዝ

ትራንስፎርመሩን ሳይነኩ ዋት የሚገኝበት አንድ መንገድ አለ፤ ብሪጅ ይባላል። ግንድ የሚሰነጥቁ ሁለት ሰዎችን አስቡ፤ አንዱ ሲስብ ሌላው ይገፋል። ሁለት አምፕሊፋየር ሠርታችሁ አንዱ የሌላውን ግልባጭ እንዲያወጣ ታደርጋላችሁ፤ ስፒከሩን በሁለቱ መካከል ታስራላችሁ። አንዱ 13 ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው 13 ወደ ታች ይወርዳል፤ ስፒከሩ 26 ያያል። 26 በ26 ለ16፣ 42 ዋት። ከሁለት ርካሽ ቲዲኤ 2030 መጥፎ አይደለም።

ዕዳው እያንዳንዷ አይሲ የምታየው የስፒከሩን ግማሽ መሆኑ ነው። ባለ 8 ኦሙ ለእያንዳንዷ 4 ኦም ነው፤ ጫፉ ላይ 3.25 አምፔር ይስባል፤ ቲዲኤ 2030 የምትችለው 3.5 ነው። በጠባቧ በር አለፍን። ባለ 4 ኦም ስፒከር ብታስሩ ግን ሸክሙ እጥፍ ይሆናል፤ አትችለውም። ከስፒከሩ ሁለት ገመዶች አንዳቸውም ከብረት ሳጥን ወይም ከዜሮው መስመር ጋር መነካካት የለባቸውም፤ እዚህ ሁለቱም በሕይወት ናቸው።

ጆሮ ዋት አይቆጥርም

ይህን ሁሉ ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ላይ ብነግራችሁ ምዕራፉን አታነቡትም ብዬ ነው የደበቅሁት። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ እጥፍ አይሰማም። ጭማሪው 3 ዴሲቤል ነው፤ ልብ ላለ ሰው ይታወቃል፣ ለተራው እንግዳ ግን እምብዛም። «እጥፍ ሆነ» ለማለት ጆሮ አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል። ከ10 ወደ 56 ያደረግነው ጉዞ እንኳ እጥፍ አይሞላም።

በአንጻሩ የስፒከሩን ጀርባ አንብቡ። 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ የሚናገር ቁጥር አለ። ትንንሾቹ የቤት ስፒከሮች 86 አካባቢ ናቸው። በሰርግና በስብሰባ የምናያቸው፣ ሁላችንም በደፈናው ሞንታርቦ የምንላቸው ትልልቆቹ 96ና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። የ10 ዴሲቤል ልዩነት አሥር እጥፍ ዋት ነው፤ በ96ቱ ላይ የታሰረች ባለ 10 ዋት አምፕሊፋየር በ86ቱ ላይ ከታሰረ ባለ 100 ዋት ጋር እኩል ትጮኻለች። ለድንኳኑ ከሆነ የምትፈልጉት፣ እኔ ብሆን ትራንስፎርመር ሳይሆን ስፒከር እገዛለሁ።

ሲበራ

ትራንስፎርመሩን ቀይራችኋል እንበል። ፊውዙን በ220ው በኩል አስገብታችኋል። አሁን እጃችሁ ወደ ሶኬቱ ሲሄድ ቆም በሉ፤ የድሮውን ባለ ክር አምፖል፣ 60 ወይም 100 ዋቱን፣ ፈልጉ። ኤልኢዲ አይሠራም። አምፖሉን በ220ው መስመር መካከል በተከታታይ አስገቡት፤ ኮረንቲው በእሱ አልፎ ወደ ትራንስፎርመሩ ይሂድ። ስፒከር ገና አትሰሩ። ስትሰኩት ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ አምፖሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ከፈዘዘ ጤና ነው። ደምቆ ከቀረ አንድ ቦታ ተነካክቷል፤ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ካፓሲተሮቹ በውስጣቸው የያዙትን በባለ 100 ኦም ሬዚስተር አራግፉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ እጃችሁን አስገቡ።

አምፖሉ ከፈዘዘ ቴስተራችሁን በዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ የስፒከሩን ሁለት ማሰሪያዎች ለኩ። ዜሮ ወይም ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ስፒከሩን እሰሩ። ሙሉ ቮልቶች ካነበበ አትሰሩት፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጥቅልሉ ይቃጠላል።